የመርከብ ተሳፋሪ ፍለጋ ወደ ጓሳ

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ዳር ቆሜ ወደ ምሥራቅ ሳይ የመንዝ ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ይታየኛል። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ውቅያኖሶችን ሁሉ በጠመኔ ስስል ኖሬአለሁ፤ ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። መንዝንም አላየሁም ነበር። ለባሕሩ ሰበብ አለኝ፣ ሩቅ ነው። ለመንዝ ግን የማቀርበው ሰበብ መንገዱን ብቻ ነው። ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሌላ ገደል የሚወጣበት ጉልበት የሌለው የመርሐቤቴ ሰው መንዝን ልጠይቅ ካለ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይገባል፤ በደብረ ብርሃን ይዞራል፤ ጎረቤቱንም በጓሮ በኩል ያገኘዋል። እኔም ባለፈው የካቲት የሄድኩት እንዲሁ ነው። የሄድኩበት ጉዳይ ደግሞ የአንድ መርከብ ተሳፋሪ ስም ማስለወጥ ነበር።

ይህን ስናገር ሰው ስለሚስቅብኝ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

እታገኝ ደምሰው ተማሪዬ ነበረች። የመንዝ ልጅ ናት፤ እናቷ የመርሐቤቴ ተወላጅ ስለሆኑ ግን ሁለተኛ ደረጃን የተማረችው አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ እዚሁ ዓለም ከተማ ነው። በካርታ ንባብ ደካማ ነበረች። ዛሬ እሷ ባሕር ላይ ትኖራለች፣ እኔ ካርታዬን ታቅፌ ቀርቻለሁ። ከግሪክ አገር ወደብ በሚነሣ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ውስጥ ልብስ አጣቢ ናት። መርከቡ ለፋሲካ ሰው ጭኖ ወደ ቅድስት አገር ይሄዳል፤ ሠራተኞቹም ከቤተሰባቸው አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በነጻ እንዲያሳፍሩ ፈቅዶላቸዋል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃት የአባቷን ጻፈች። «ሌላ ማንን እጽፋለሁ፤ ቤታችን የሚጠራው በአባዬ ነው» ትላለች በላከችልኝ ደብዳቤ።

አባትየው አቶ ደምሰው አልሄድም አሉ። መሬት በማይታይበት ቦታ ሰው እንዴት አድርጎ ይተኛል ብለው እንቢ አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ኢየሩሳሌምን ሳልሳለም አታስቀረኝ እያሉ ሲሳሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «ቦታው ወደ እናቴ ስም ይዛወርልኝ፤» ይላል ደብዳቤው። «የሚለወጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ የካቲት መጨረሻ ዓርብ። ካለፈ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባዬ መፈረም አለበት። ሰው ብልክበት አልፈርም ብሏል። እርስዎን ግን ይሰማል።» አቶ ደምሰውን በሕይወቴ አግኝቻቸው አላውቅም። ቢሆንም «እርስዎን ይሰማል» የተባለ ጡረተኛ መምህር ቤቱ አይቀመጥም።

ሰኞ

ከዓለም ከተማ ሲነጋጋ ተነሥተን አቧራ ስንጠጣ ውለን አዲስ አበባ ገባን። መንገዱን አልተርክም፤ የተጓዘበት ያውቀዋል፣ ያልተጓዘበት አያምነኝም። ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ እታገኝ ወደ ጻፈችልኝ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠችው ወጣት ጠረጴዛ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ መርከብ አለች። በዚህ ጉዞ ያየሁት መርከብ እሷው ናት።

ወጣቷ ትሑት ነበረች፤ ቅጹን አውጥታ አስረዳችኝ። በላይኛው መስመር የቀድሞው ተሳፋሪ፣ በታችኛው የአዲሷ ተሳፋሪ ስም እስከ አያት ይጻፋል። የቀድሞው ተሳፋሪ ይፈርማል ወይም አውራ ጣቱን ያትማል፣ የቀበሌ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ እስከ ዓርብ ከሰዓት በፋክስ ይደርሳታል። ፓስፖርቱ ከዚያ በኋላ ይወጣል።

«የመርከብ ድርጅቱ በስም ቀልድ አያውቅም። እናንተ ጋ ግን ቀላል ነው፣ የገጠር ሰው ፈርም ሲሉት ይፈርማል» አለችኝ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። የገጠርን ሰው ከእሷ ይልቅ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ብርዱ ሰው ይመርጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እኔን ግን መረጠኝ። የለበስኩት እኛ አገር ለሠርግ የሚለበስ ስስ ኮት ነው። ጣርማ በርን ይዘን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነውና ሠላሳ ዓመት በንድፈ ሐሳብ ያስተማርኩትን «ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል» የሚለውን ትምህርት በጉልበቴ ተማርኩ። ተማሪዎቼን በዚህ ጥያቄ ማርክ የቀነስኩባቸው ሁሉ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ዳገት ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ወረደ፣ ጎማውን አየ፣ እኛንም አየን።

«ትርፍ ጎማውስ?» አልኩት።

«አለ። ትናንት ለጓደኛዬ አውሼው መሐል ሜዳ ነው ያለው።»

«እኛ የምንሄደው ወዴት ነው?»

«መሐል ሜዳ።»

ከኋላ የሚመጣ መኪና ጎማ እስኪያበድረን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። ጾሙ ገብቶ ነበርና አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት በሶ በጥብጠው በጣሳ ሰጡኝ። እኛ አገር በሶ የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ እዚህ ግን ምድጃ ነው፣ ሆዴ ሲገባ ተሰማኝ። የማላውቃቸው ሴት ጋቢያቸውንም ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። እኔ ደግሞ ስለ ባሕር ነፋሳት አስረዳኋቸው፤ ሌላ የምከፍለው አልነበረኝም።

መሐል ሜዳ ከተማ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ የሺ ኮቴን በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደ ቆሻሻ ነገር ካዩት በኋላ «ይኸ ልብስ ነው?» አሉና የራሳቸውን ባና አምጥተው አለበሱኝ። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ እንደ በር የከበደ ነገር ነው። የመንዝን ሰው ዝግተኛ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። ባናውን ለብሼ ለመነሣት ስሞክር ምክንያቱ ገባኝ።

ረቡዕ

ወይዘሮ የሺ በቅሏቸውን አዋሱኝ። ኪራዩን ብጠይቅ ተቆጡ፤ «የአስካለ አገር ሰው አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። በቅሎዋ መንገዱን ታውቃለች፣ እኔ ዝም ብዬ ልቀመጥ ነበር የተባልኩት። ዝም ብዬም ተቀመጥኩ፤ ነፋሱ ሲበረታ ግን ጃንጥላዬን ዘረጋሁ። በቅሎዋ በዘመኗ ጃንጥላ ያየችው በታቦት ቀን ብቻ መሆን አለበት፣ ቆማ አሰበች። ከዚያ እኔን የገብስ ቃርሚያ ላይ አስቀምጣኝ ብቻዋን ቀጠለች። አቶ ደምሰው ቤት እኔ በእግሬ ስደርስ እሷ ደርሳ ገለባ ትበላለች።

ወይዘሮ አስካለ ከበሩ ላይ ሆነው «በቅሎዋን አይተን ሰውዬው ይመጣል ብለን ነበር» አሉኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ንግግራቸው አሁንም የኛን አገር ቃና የያዘ ሴት ናቸው። ከዓለም ከተማ ያመጣሁላቸውን ሎሚ በእጃቸው ይዘው አሸተቱ፣ መልሰው አሸተቱ። አልቆረጡትም፤ አንዱን መቀነታቸው ውስጥ አሰሩት። የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። የጤፍ ልጅ ነኝና መጀመሪያ ጥርሴ ተገርሞ ነበር፣ በኋላ ሁለት ደገምኩ።

«ሰውዬው የሉም፤» አሉኝ ስበላ። «ጓሳ ነገ ይከፈታል። እሳቸው ከሚከፍቱት ሽማግሌዎች አንዱ ስለሆኑ እዚያው ናቸው።»

ለማያውቅ አንባቢ፦ ጓሳ የመንዝ ሰው በጋራ የሚጠብቀው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። የቤት ክዳኑም ገመዱም ከዚያው ነው። የአቶ ደምሰው ቤት ክዳን ከእርጅና የተነሣ ሰማይ ያሳይ ነበር።

«ስለ ወረቀቱ ምን ይላሉ?» አልኩ።

«ስሜን አላስነካም ይላሉ።» ሽሮ ጨመሩልኝና «እኔ ደግሞ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። የዘንድሮው ካለፈ ሌላ የለም፣ አውቀዋለሁ። ልለምናቸው ግን አልፈልግም፤ ብዙ ነገር ተለምነው ያውቃሉ» አሉ።

ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረብኝ። እስከዚያ ድረስ የመጣሁት ለራሴ ዝና ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ እሳቸው ፈራሁ።

ሐሙስ

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ጓሳ ገባን። ወይዘሮ አስካለ ማጭዳቸውን ይዘዋል። ስለ ሜዳው ውበት ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እጄ እርሳስ መያዝ ስላልቻለ ቀረ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች አየሁ፤ ሁሉም ከእኔ የተሻለ ለብሰዋል።

ለማስታወሻ ብዬ አንዲት ዘለላ ሣር ስነቅል ጠባቂው መጥቶ ከእጄ ወሰዳት።

«ስምዎ አልተጠራም» አለኝ።

«አንዲት ሣር ናት እኮ።»

«እሷም የሰው ናት።»

ይህን ጊዜ የአዲስ አበባዋ ወጣት ትዝ አለችኝ። ለካ በስም ቀልድ የማያውቅ ሌላም ድርጅት አለ። የመርከቡ ድርጅት እንኳ አንድ ጊዜ ማስለወጥ ይፈቅዳል፤ ጓሳ ግን የተጻፈው አባወራ ካልተመቸው ከራሱ ቤት ሰው ይተካል እንጂ ቦታውን ለባዳ አሳልፎ መስጠት የለም። አንድ ቤት አንድ ማጭድ ነው።

ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ መጥራት ጀመረ። ስም ይጠራል፣ አቤት ይባላል፣ ማጭድ የያዘው ሰው ወደ ሜዳው ይወርዳል።

«ደምሰው ወንድይራድ!»

«አቤት!» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ማንም ዞሮ አላያቸውም። ወረዱ።

አቶ ደምሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ጉብታ ላይ ቆመዋል። ረጅም፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ሰውን ከማየታቸው በፊት ደመናውን የሚያዩ ሰው ናቸው። ማንነቴን ስነግራቸው ጉንጬን ስመው፣ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ቆሎ ዘገኑልኝ። ቅጹን ሳወጣ ግን ፊታቸው ተዘጋ።

«መምህር፣ አስካለ ትሂድ። ማን ከለከላት?»

«እንግዲያው ይፈርሙላታ፣ ስሙ እንዲለወጥ።»

«ስሜ ምን አደረገ? አሁን አላዩም እንዴ? ደምሰው ሲባል አቤት ብላ ወረደች። ማን ምን አላት? መርከቡም ላይ ደምሰው ብለው ይጥሩ፤ አቤት ትበልና ትግባ።»

«አቶ ደምሰው፣ እዚያ ፎቶግራፍ ያያሉ። ጢም ያለው ሰው ሲጠብቁ...»

«ሚስቱ ነኝ ትበላቸዋ። እዚያ አገር ሚስት የለም?»

ሠላሳ ዓመት ብዙ ዓይነት የተሳሳተ መልስ አርሜአለሁ፤ እንዲህ እንከን የሌለው ስሕተት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በእሳቸው ደብተር ሁሉም ነገር ትክክል ነው። ሚስታቸውን አልከለከሉም፣ ቦታውንም አልነፈጉም። ፓስፖርት ምን እንደሆነ ሳስረዳ እሳቸው በትሕትና ቆሎዬን ይጨምሩልኛል።

በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሜ አንዴ ተሰርዟል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበርኩ፤ ይኸ የመሬት ድልድል ሲመጣ ቢሮክራሲ፣ የድሮው ሹም ነህ፣ አሉኝ። ወረቀት ያመጣልኝ ሰው እንደ አንቱ ያለ ጨዋ ነው። አንሰርዝዎትም፣ ከዚህ መዝገብ ወደዚያኛው ማዛወር ብቻ ነው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ አለኝ። ፈረምኩ። ከቤቴ በላይ ያለው ማሳ ሄደ። ሲያርሱት ከደጄ ሆኜ አየዋለሁ።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ «ማዛወር» በሚል ቃል የተሞላ ነበር። ቅጹን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። እውነቱን ለመናገር አፈርኩም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ማኅተሙን በላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ ይዞ እዚያው ነበር። ቀልጣፋ ሰው ነው፤ የሚያደርገው ነገር ሲያጣ «መምህር፣ እስኪ ለማንኛውም ይሙሉትና እንየው» አለኝ። ሞላሁ። በላይኛው መስመር ደምሰው ወንድይራድ ብዬ ጻፍኩ። በታችኛው አስካለ።

«የአባት ስም?»

«ኃይለ ማርያም» አሉ አቶ ደምሰው።

«አያት?»

አቶ ደምሰው ሊቀ መንበሩን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሊጋቡ ሲሉ ዝምድና እንዳይኖር እንደ ወጉ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነበር፤ ያን ቀን ሰምተውታል፣ ከዚያ ወዲህ ግን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። በጓሳው ደብተር ደምሰው ነው፣ በእድሩ ደምሰው ነው፣ በግብሩም ደምሰው ነው።

«አስካለ!» ብለው ተጣሩ። «አያትሽ ማን ነበሩ?»

ከታች ከሣሩ ውስጥ ቀና አሉ። በአንድ እጃቸው ማጭድ፣ በሌላው እቅፍ ሣር ይዘዋል።

«ማን ጠየቀ?»

«ወረቀት ነው።»

ሣሩን መሬት አስቀመጡ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ። «አስካለ ኃይለ ማርያም፣» አሉ። «ኃይለ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስ። ወልደ ጊዮርጊስ ብሩ። ብሩ ሀብተ ሚካኤል። ሀብተ ሚካኤል ዘውዴ። ዘውዴ አቦዬ። አቦዬ ወልደ ክርስቶስ።» ጮክ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዱን ከሌላው ሳያምታቱ ሰባቱንም ቆጠሩ። በአጠገባቸው ያሉት አጫጆች ቀና ብለው ቆሙ። ቅጹ ያለው ሦስት ሣጥን ብቻ ነው፤ እኔ ግን የቀሩትን በኅዳጉ ላይ ጻፍኩ። የመርከብ ድርጅቱ ይወቅ።

«ይኸን ሁሉ የት አስቀምጠሽው ኖርሽ?» አሉ አቶ ደምሰው።

«እዚሁ። አንቱ መቼ ጠየቁኝ?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ መልስ ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው ማጨዳቸውን ቀጠሉ። አቶ ደምሰው የሚስታቸውን ጀርባ አዩ። ከዚያ ቅጹን ከጉልበቴ ላይ አንሥተው ራቅ አድርገው ያዙት።

«እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«ከላይ።»

«አልተሰረዝኩም?»

«አልተሰረዙም። ከላይ የተጻፈው የሚቀረው ሰው ነው፤ ከታች የተጻፈው የሚሄደው።»

«ደግ። ጓሳን የሚጠብቅም ይቀራል» አሉና አውራ ጣታቸውን ለሊቀ መንበሩ ሰጡት። ቀለሙ በብርዱ ደርቆ ስለነበር ሊቀ መንበሩ ሦስት ጊዜ እፍ አለበት።

ዓርብ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጓሳ የሚያልፍ አውቶቡስ አግኝቼ ደብረ ብርሃን አድሬ ነበርና ዓርብ ጧት ቅጹን በፋክስ ላክሁ። የላኪዋ ልጅ ኅዳጉ ላይ ያሉትን ስሞች አይታ «እነዚህ ሁሉ ተሳፋሪዎች ናቸው?» አለችኝ። አንዷ ብቻ ናት አልኳት። ቀትር ላይ ስደውል የአዲስ አበባዋ ወጣት ስሙ ተለውጧል አለችኝ፤ ቀላል እንደሚሆን ነግሬዎት አልነበር ብላም ጨመረች። አዎ ነግረሽኛል አልኳት። ወይዘሮ የሺ ባናውን እንዳልመልስ ገና ስቀበል አስምለውኝ ስለነበር ለብሼው ቆላ ወረድኩ። ዓለም ከተማ ስገባ ሰው ሁሉ ታምሜ የመጣሁ መስሎት ጠየቀኝ።

ከፋሲካ በኋላ እታገኝ ጻፈችልኝ። እናቷ ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል፤ ሎሚዋም ደርቃ መቀነታቸው ውስጥ አብራ ተሳልማለች። ከሁሉ ይልቅ ግን ደጋግሜ የማነበው ስለ ወደቡ የጻፈችውን ነው።

«ተሳፋሪው በየስሙ እየተጠራ ይገባ ነበር። እማዬን ከሩቅ አያታለሁ፤ ጓዟ ላይ ተቀምጣለች። አስካለ ኃይለ ማርያም ብለው ጠሩ፣ ዝም። ሁለተኛ ጠሩ፣ ዝም። ሦስተኛ ሲጠሩ ሮጬ ሄጄ እማዬ ለምን አትነሽም አልኳት። የአባትሽ ስም እስኪጠራ እየጠበቅኩ ነው አለችኝ። እማዬ፣ የሚጠሩት እኮ አንቺን ነው ስላት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ ጠሪው ወረቀቱን እስኪጥል ድረስ ጮክ ብላ፣ አቤት አለች።»